ዘይት የነካው ወረቀት፦ ሐዋሳ ላይ ስለ ብርሃን ያወራሁት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ላይ፣ ከፍቅር ሐይቅ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ብርሃን በነገሮች ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚያጋጥመው ስናወራ ነበር የዋልነው። መምጣት ያልቻላችሁ "ጻፍልንና እናንብበው" ስላላችሁኝ በስልክ ከቀዳሁት እየሰማሁ ጻፍኩት። የተሰብሳቢው ጥያቄም መሀል መሀል ገብቷል፣ አላወጣሁትም፣ ጥያቄዎቹ ባይኖሩ ወሬው ሌላ ቦታ ነበር የሚሄደው።

እንዴት ዋላችሁ። ይሄን ወረቀት አያችሁት? ወደዚህ ስመጣ መንገድ ላይ ሦስት ሳምቡሳ ገዛሁ፣ የምትሸጠው ልጅ እንደተለመደው ከተማሪ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ የሒሳብ ደብተር ነው፣ ማካፈል የተሠራበት፣ የአስተማሪው ቀይ ራይትም አለበት። ሳምቡሳውን በላሁ ወረቀቱን ግን ይዤው መጣሁ። እስቲ ወደ መስኮቱ ላንሳው። ዘይት የነካው ቦታ ይታያችኋል አይደል፣ ብርሃኑ ያልፋል፣ ከጀርባው የተጻፈው ቁጥር እንኳን ተገልብጦ ይነበባል። ዘይት ያልነካው ግን ነጭ ነው፣ ምንም አያሳይም። አሁን ደግሞ ጥቁሩ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው፣ ያው ዘይት የነካው ቦታ አሁን ጠቁሮ ነው የሚታየው። መስኮት ላይ ሲሆን ከሌላው የደመቀ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ከሌላው የጠቆረ፣ አንድ ቦታ እኮ ነው! ዛሬ የማወራችሁ ነገር በሙሉ እዚህ ወረቀት ላይ አለ፣ ሰማዩም ጉሙም ጣታችሁም ሐይቁም።

ለምንድነው ያሳለፈው? (ከኋላ አንድ ልጅ "ቲቸር ዘይቱ ወረቀቱን አሳሳው" አለ፣ ሌላዋ ደግሞ "ነጩን ቀለም አስለቀቀው" አለች።) ሁለቱም ጥሩ ግምት ነው ግን እንፈትነው። መሳሳት ከሆነ በዘይት ፋንታ ውሃ ብናደርግበትስ? ያው ውሃም ትንሽ ያሳልፈዋል፣ ሲደርቅ ግን ተመልሶ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ የሳሳ ነገር የለም፣ የለቀቀ ቀለምም የለም፣ ቀለም ቢለቅ ኖሮ ሲደርቅ ከየት ይመጣል? እንደውም ወረቀቱ ላይ ነገር ተጨመረበት እንጂ አልተቀነሰበትም። ነገር ጨምረህበት ይበልጥ ብርሃን አሳለፈ፣ ይሄ ነው የሚገርመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀት ማለት እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቀጭን ጭረት (ፋይበር) ነው፣ ሴሉሎስ ከሚባል ነገር የተሠራ፣ እና ያ ጭረት ለብቻው አንዱን ብትወስዱት ነጭ አይደለም፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ነገር ነው። በጭረቱና በጭረቱ መሀል ደግሞ አየር አለ። ብርሃን በአየር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፣ ሴሉሎስ ውስጥ ሲገባ ግን ፍጥነቱ ወደ 200,000 ይወርዳል፣ 300,000ን ለ200,000 ስታካፍሉት 1.5 ይመጣል፣ ይሄንን በዚያ ቁጥር ነው የምንገልጸው፣ አየር 1 ነው፣ ውሃ 1.33፣ የምግብ ዘይት 1.47 አካባቢ። ፍጥነቱ በተቀየረ ቁጥር፣ ማለትም ከአየር ወደ ጭረት ከጭረት ወደ አየር ባለፈ ቁጥር፣ ቀጥ ብሎ ቢመጣ እንኳን ከ100 እጁ 4 ያህሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የቀረው አቅጣጫውን አጥፎ ይቀጥላል። 4 ከ100 ትንሽ ነው ትላላችሁ፣ ግን ወረቀቷ ውስጥ እንዲህ ያለ ድንበር በብዛት ነው ያለው፣ ጭረቱም በየአቅጣጫው ነው የተኛው፣ ስለዚህ ብርሃኑ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ኋላ ሲባል መንገዱን ይስታል፣ አብዛኛው በገባበት በኩል ተመልሶ ይወጣል፣ ሁሉም ቀለም እኩል ስለሚመለስ ነጭ ሆኖ ይታየናል። ስካተሪንግ የምንለው ይሄ ነው፣ በአማርኛ መበተን ልንለው እንችላለን፣ ብርሃኑ አልተዋጠም አልጠፋም፣ ተበተነ።

ዘይቱ ሲገባ አየሩን አስወጥቶ ቦታውን ያዘ። አሁን ብርሃኑ ከ1.47 ወደ 1.5 ነው የሚሻገረው፣ ልዩነቱ ምንም ማለት ነው፣ በዚያ ድንበር ላይ የሚመለሰው ከ10,000 አንድ ያህል ብቻ ሆነ። በውሃ ከሆነ ከ1,000 ወደ 4 ነው፣ ስለዚህ ውሃ ከዘይት ያነሰ ያሳልፋል፣ ቤታችሁ ሞክሩት። ጭረቱ እዚያው ነው ያለው፣ ብርሃኑ ግን ጭረቱ መኖሩንም አላወቀም፣ ዝም ብሎ አለፈ። ጠረጴዛ ላይ ለምን ጠቆረ ያላችሁም ለዚሁ ነው፣ ወደ ዓይናችሁ መመለስ የነበረበት ብርሃን አልፎ ጠረጴዛው ጋ ሄደ።

ሴቶቹ ይሄን በነጠላ ታውቁታላችሁ፣ ዝናብ የመታው ነጠላ ገላ ያሳያል። ጥጥም ያው ሴሉሎስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ከልቤ ነው። እኔ ስማር ብርሃንን ያስተማሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በማስመሪያ በተሰመረ ቀስት ነው፣ ቀስቱ መስታወት ይመታል ይመለሳል፣ ሪፍሌክሽን፣ ውሃ ውስጥ ይገባል ይታጠፋል፣ ሪፍራክሽን፣ አንግል ለካን ፈተና ተፈተንን አለፍን። መበተን ግን በአንድ መስመር ነበር የታለፈው። ቤታችሁ ስንት መስታወት አለ? አንድ ወይ ሁለት። ግድግዳው፣ እንጀራው፣ ሸሚዛችሁ፣ የሰው ፊት፣ ወተት፣ ዳመና፣ ይሄ ሁሉ የሚታያችሁ ብርሃን በትኖ ስለሚልክላችሁ ነው። ከምናየው ነገር አብዛኛውን የሚያሳየንን ነገር በአንድ መስመር አልፈን የመስታወት አንግል ስንለካ መክረማችን እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ዛሬም እዚህ የቆምኩት ለዚሁ ነው።

ስኳር አስቡ። አንዷን ፍሬ ስኳር ጠጋ ብላችሁ ብታዩዋት እንደ መስታወት ናት፣ ተሰብስባ ግን ነጭ ናት። የቢራ አረፋ፣ ቢራው ቢጫ ነው አረፋው ነጭ ነው፣ ማን ነጭ ቀባው? እንቁላልም እንደዚሁ፣ ጥሬ እያለ አስኳሉን የከበበው ውሃ ይመስላል፣ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ በሰከንዶች ነጭ ይሆናል፣ ፕሮቲኑ ተጠቅልሎ የነበረው ተፈትቶ እርስ በርሱ ይተበተባል፣ ትብትቡ ብርሃኑን መበተን ይጀምራል። ነገሩ ያው ነው አቀማመጡ ነው የተለወጠው።

እሺ፣ ሁሉ ነገር ሲበተን ነጭ ከሆነ ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ? እዚህ ጋ ነው የምወደው ቦታ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ቡና ሲፈላ ቁጭ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጠጣቱን አይደለም፣ ማየቱን ነው። ማጨሻው ላይ ዕጣን አለ፣ አጠገቡ ጀበናው በአፉ እንፋሎት ያወጣል። ሁለቱንም "ጭስ ጭስ" ብለን ነው የምናልፈው። ከኋላቸው ጠቆር ያለ ነገር፣ ጥቁር መጋረጃ ወይ ጨለም ያለ ጥግ ካለ፣ ከጎን ብርሃን ከመጣ፣ ከዕጣኑ የሚነሳው ቀጭን ጭስ ሰማያዊ ነው፣ ዝም ብሎ ግራጫ አይደለም፣ ሰማያዊ። የጀበናው እንፋሎት ደግሞ ነጭ ነው። አሁን ተነስታችሁ በሌላ በኩል ዞራችሁ ያንኑ የዕጣን ጭስ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ስታዩት ወደ ቡናማ ያደላል። እንፋሎቱ በየትም በኩል ቢታይ ሰማያዊ አይሆንም። እናቴ ቡና ስታፈላ ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ በኋላ ፊዚክስ ስማር መልሱን ያገኘሁ ቀን ቤት ሄጄ ዕጣን አስጨስኩ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ ጀበናው አፍ ላይ፣ ልክ በሚወጣበት፣ የመጀመሪያዋ ትንሽ ቦታ ላይ ምንም አይታይም፣ ባዶ ይመስላል፣ ነጩ የሚጀምረው ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ያቺ ባዶ የምትመስለው ናት እውነተኛዋ እንፋሎት፣ ነጩ ቀዝቅዞ ጠብታ የሆነው ውሃ ነው።

ልዩነቱ መጠን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ብርሃን ሞገድ ነው፣ የቀዩ ሞገድ ርዝመት ወደ 700 ናኖሜትር፣ የሰማያዊው ወደ 450፣ ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ለሚሊዮን ሲካፈል ነው። የዕጣኑ ጭስ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ከዚህ ሞገድ የሚያንሱ ናቸው፣ የእንፋሎቱ ጠብታዎች ደግሞ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

ሐይቁ ዳር ሂዱና እዩት። ዳር ላይ አንድ ቀጭን ሸምበቆ ከውሃው ወጥቶ ቆሟል። ጀልባ ሲያልፍ የሚመጣው ረጅም ሞገድ ሸምበቆውን ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ እንቅፋት የለም። ነፋሱ የሚያመጣት ትንሿ ሽብሽብ ግን ሸምበቆው ላይ ስትደርስ ትሰበራለች፣ ከሸምበቆው ዙሪያ ክብ ክብ እየሠራች ትወጣለች። ትንሽ እንቅፋት አጭር ሞገድ ላይ ነው የሚበረታው። አሁን በሸምበቆው ቦታ የቆመ ጀልባ አድርጉ፣ ረጅሙም አጭሩም ሁለቱም ይመቱታል ሁለቱም ይመለሳሉ። ጭሱ ሸምበቆ ነው፣ እንፋሎቱ ጀልባ ነው።

ይሄን በላቦራቶሪ ካዩት ሰዎች አንዱ የአየርላንዱ ተወላጅ ጆን ቲንዳል ነው፣ 1869 ላይ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ደቃቅ ቅንጣት እንዲፈጠር አድርጎ ብርሃን ሲለቅበት የሰማይ የመሰለ ሰማያዊ አየ፣ ቅንጣቶቹ እያደጉ ሲሄዱ ቀለሙ ወደ ነጭ ተቀየረ። በ1871 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ስትረት፣ በኋላ ሎርድ ሬይሊ የተባለው፣ ሒሳቡን አወጣው፣ እንቅፋቱ ከሞገዱ በጣም ካነሰ የመበተኑ ኃይል ከሞገዱ ርዝመት 4ኛ ፓወር ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። አስሉት፣ 700 ለ450 ሲካፈል 1.56 ገደማ፣ አራት ጊዜ በራሱ ስታባዙት ወደ 6 ይጠጋል። ሰማያዊ ከቀይ 6 እጥፍ ያህል ይበተናል። መጀመሪያ ሰዉ አየር ውስጥ ያለ አቧራ ነው የሚበትነው ብሎ ነበር የሚያስበው፣ ሬይሊ ግን በ1899 የአየሩ ሞለኪውል ራሱ እንደሚበቃ አሳየ። እና እዩት እንግዲህ፣ ያ ናይትሮጅንና ኦክስጅን፣ አሁን የምትተነፍሱት፣ ከሞገዱ ከ1,000 እጥፍ በላይ የሚያንስ ሞለኪውል፣ እሱ ነው ሰማዩን የሚቀባው። "አየር አይታይም" እንላለን፣ ቀና በሉ፣ ያ ሰማያዊ የምታዩት አየር ነው።

(አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው "እኔ እስከዛሬ ሰማዩ የባሕሩን መልክ ነው የሚያወጣው ብዬ ነው ለልጆቼ የነገርኳቸው" አሉ።) እማማ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው፣ ግን ከባሕር ርቀው ባሉ ቦታዎች ሁሉ፣ ሰሃራ በረሃ መሀል ላይም ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ስለዚህ ባሕሩ አይደለም። እንደውም ከሰማዩ ወደ ሐይቁ ነው፣ ጥሩ ቀን ላይ ሐይቃችን ሰማያዊ የሚመስለው አንዱ ምክንያት ሰማዩን ስለሚመልስ ነው።

(አንድ ወጣት ደግሞ "ቲቸር ሐምራዊ እኮ ከሰማያዊ ያጠረ ሞገድ ነው፣ በዚህ ሒሳብ ሰማዩ ሐምራዊ አይሆንም ነበር?" አለ።) ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው። ሦስት ነገር ነው፣ ፀሐይ ራሷ ሐምራዊ የምትልከው ከሰማያዊው ያነሰ ነው፣ ከሚመጣውም የተወሰነው ገና ከላይ ተበትኖ ያልቃል፣ ዓይናችን ደግሞ ለሐምራዊ ደካማ ነው። ድምሩ ለዓይናችን ሰማያዊ ሆነ።

አሁን ብርጭቆውን እናምጣ። ውሃ ነው፣ ጥቂት ጠብታ ወተት ጠብ አደርግበታለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በቃ። መብራቱን አጥፉልኝ። በስልክ ባትሪ ከጎን አበራለሁ፣ በዚህ በኩል የተቀመጣችሁ ምን አያችሁ? ሰማያዊ ቢጤ፣ አዎ። እናንተ ፊት ለፊት ያላችሁ፣ ባትሪውን በብርጭቆው ውስጥ የምታዩት? ቢጫ፣ ብርቱካን። ሰማያዊው ወደ ጎን ተበትኖ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ የደረሳችሁ የተረፈው ነው። አሁን ወተት ልጨምር፣ እዩት፣ ሰማያዊው ሞተ፣ ሁሉም ነጭ ሆነ፣ ምክንያቱም ብርሃኑ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ሲበተን የትኛውም ቀለም አይተርፍም፣ ሁሉም ይደባለቃል።

ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ የምታዩት ይሄንኑ ብርጭቆ ነው። ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስላለች ታድለናል፣ ፀሐይዋ ውሃው ላይ ነው የምትገባልን። እኩለ ቀን ላይ ብርሃኗ አየሩን በአጭሩ ነው የሚያቋርጠው፣ ስትጠልቅ ግን አግድም ስለሚመጣ ወደ 40 እጥፍ የሚጠጋ አየር ያቋርጣል፣ ሰማያዊው መንገድ ላይ ተበትኖ ለሌላ ሰው ሰማይ ሆነ፣ ለእኛ ቀዩ ደረሰ። እኛ ፍቅር ሐይቅ ላይ ቀይ ፀሐይ ስናይ ያ የጎደለው ሰማያዊ በዚያ ሰዓት ከእኛ በስተምዕራብ ገና ቀን የሆነላቸው ሰዎች ራስ ላይ ነው።

ስለ ጉም ቶሎ ልበልና ልለፍ፣ ሹፌሮች ስላላችሁ ነው። አንድ ጊዜ ከሐዋሳ ወደ ሀገረ ሰላም ሚኒባስ ተሳፍሬ ስሄድ ከፍታው ላይ ጉም ገጠመን፣ ሹፌሩ ደንግጦ ረጅሙን መብራት አበራው፣ በአንዴ ከፊታችን ነጭ ግድግዳ ቆመ፣ መንገዱ ጠፋ፣ ጎማችን ከአስፋልቱ ወጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ወደ ተራራው በኩል ነበር። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት "ኧረ ዝቅ አድርገው ልጄ!" ሲሉ ነው አጭሩን ያደረገው፣ ከዚያ ጥቂት ሜትርም ቢሆን ታየን። የጉም ጠብታ ከሞገዱ 20 እጥፍና ከዚያም በላይ ትልቅ ነው፣ ያ ጀልባው ማለት ነው፣ ሁሉንም ቀለም እኩል ይመልሳል፣ ብዙ ብርሃን በላክህ ቁጥር ብዙ ወደ ራስህ ዓይን ትልካለህ። ቢጫ መብራት ጉም ይበሳል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ብዙ አይረዳም፣ የሚረዳው መብራቱ ዝቅ ብሎ መንገዱ ላይ ብቻ መውደቁ ነው። አጭር መብራት፣ ቀስ ማለት፣ በቃ።

አሁን ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡና ባትሪውን አብሩ፣ መዳፋችሁን አታድርጉ፣ የጣታችሁን ጫፍ አድርጉበት። መብራቱ ይጥፋ። (እዚህ ጋ አዳራሹ ውስጥ ከ80 በላይ ቀይ ጣት በራ፣ ልጆቹ ጮሁ።) ቀይ የሆነው ደማችሁ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ስለሚውጥ ነው፣ ቀዩን ይለቃል። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ብርሃኑ በጣታችሁ ውስጥ አልፎ እየመጣ ነው አይደል፣ አጥንቱ ለምን አይታይም? መሀል ላይ እኮ አጥንት አለ። "ብርሃኑ አይደርስበትም" እንዳትሉ፣ ይኸው ማዶ ደርሷል። ደርሷል ግን ተንከራቶ ነው የደረሰው፣ ሥጋችን ውስጥ ብርሃን የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ከሄደ በኋላ ይበተናል፣ ጣትን አቋርጦ እስኪወጣ ስንቴ እንደተገላበጠ አስቡት፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም፣ የአጥንቱን ጥላ ይዞ የመጣ የለም። ሰውነታችን የተዘጋ በር አይደለም፣ እንደ ወረቀቱ ነው፣ ብርሃኑን ያስገባዋል ግን መንገዱን ያጠፋበታል።

ቢሆንም ተንከራቶ የደረሰውም ብርሃን ወሬ ይዞ ይመጣል። ጤና ጣቢያ ጣታችሁን የሚቆነጥጠውን ትንሽ ክሊፕ፣ የደም ኦክስጅን የሚለካውን፣ ታውቁታላችሁ፣ ኮቪድ ጊዜ ሁሉም ሰው ያወቀው። ውስጡ ሁለት መብራት አለ፣ አንዱ ቀይ ነው 660 ናኖሜትር፣ ሌላው በዓይን የማይታይ 940። ኦክስጅን የያዘ ደም ቀዩን ያሳልፋል፣ ያልያዘው ይውጠዋል፣ በማይታየው ብርሃን ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ችግሩ የነበረው ይሄ መበተን ነው፣ ቆዳው አጥንቱ ሥጋው ሁሉ ብርሃኑን ሲያባክነው ደሙ የዋጠው ስንት እንደሆነ እንዴት ይለያል? በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩዎ አዎያጊ መላውን አገኘ፣ ልብ በመታ ቁጥር ጣት ውስጥ የሚጨምረው ከልብ የሚመጣው የደም ቅዳ ደም ብቻ ነው፣ ሌላው ባለበት ነው፣ ስለዚህ የሚወዛወዘውን ብቻ ለይተህ ለካ። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ የተመሰቃቀለውን ሁሉ ለማስተካከል አልታገለም፣ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ጠየቀ።

(ነርስ የሆነች እህት "ቁጥሩን እንዳለ እንመነው ወይ?" ብላ ጠየቀች።) ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለእኛ በተለይ። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ጥቁር ታካሚዎች ላይ መሣሪያው የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን አሳይቷል። የቆዳችን ሜላኒን ብርሃኑን ይውጣል፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ደግሞ የተስተካከሉት በአብዛኛው ነጣ ባለ ቆዳ ላይ ነው። ስለዚህ ክሊፑ ደህና ነው እያለ በሽተኛው ትንፋሽ ካጠረው በሽተኛውን እመኚ። ይሄ መስተካከል ያለበት ነገር ነው፣ ከእናንተ መሀል ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ይሄ የእናንተ ሥራ ነው።

ወደ ሳምቡሳው ወረቀት ልመልሳችሁ። ዘይት ወረቀቱን ካሳለፈው፣ ሥጋችንስ? ሥጋ እኮ ብርሃን የሚበትነው በውሃውና በስቡ ውስጥ የብርሃን ፍጥነት ስለሚለያይ ነው፣ ውሃ 1.33፣ ስብና ፕሮቲን ከዚያ በላይ። ውሃውን ወደ ስቡ ብናስጠጋውስ? ከ100 ዓመት በፊት ጀርመናዊው ቨርነር ስፓልተሆልዝ የሞተ አካልን ውሃውን አስወጥቶ በተመጣጣኝ ፈሳሽ እየነከረ እንደ መስታወት አድርጎት ነበር፣ ግን የሞተ ላይ ነው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2024 በወጣ ጥናት፣ አሜሪካ ስታንፎርድ ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች፣ ዚሃዎ ኦው እና ጉዎሶንግ ሆንግ ከጓደኞቻቸው ጋር፣ በሕይወት ያለች አይጥ ሆድ ላይ አንድ ቢጫ የምግብ ቀለም በውሃ በጥብጠው ቀቡ፣ ታርትራዚን ይባላል፣ አንዳንድ ብስኩትና ለስላሳ ውስጥ የሚገባ ነው። ደቂቃዎች ቆይቶ ቆዳው አሳለፈ፣ ጉበቷ አንጀቷ ከውጭ ታየ፣ ጭንቅላቷ ላይ ሲቀቡት የአንጎሏ ደም ሥሮች ታዩ። አጥበው ሲያስለቅቁት ወደ ነበረበት ተመለሰ፣ አይጧም ደህና ናት።

ይሄ ቀለም ሰማያዊውን በጣም የሚውጥ ነገር ነው። አስቡት፣ ብርሃን የሚውጥ ነገር ጨምረህ ይበልጥ አሳለፈ! ልክ እንደ ዘይቱ። ሚስጥሩ አንድ ነገር ሰማያዊውን አጥብቆ ሲውጥ ቀዩ ብርሃን ላይ ውሃውን ያከብደዋል፣ ማለትም ያ 1.33 የነበረው ከፍ ይላል፣ ወደ ስቡ ይጠጋል፣ ድንበሩ ይጠፋል። ስለዚህ በቀይ ብርሃን ያሳያል። ይሄ ሕግ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የታወቀ ነው። ልጆች እባካችሁ ቤት ሄዳችሁ ሆዳችሁ ላይ እንዳትቀቡ፣ የሰው ቆዳ ከአይጥ ቆዳ ብዙ እጥፍ ይወፍራል፣ ያ ጥናትም ሰው ላይ አልፈተነውም። እኔ ግን የማስበው አንድ ቀን ነርስ ደም ሥር ስታጣ፣ ሕፃን ክንድ ላይ ሦስት አራት ቦታ ከመውጋት፣ ቀብታ አይታ አንዴ ብትወጋስ እያልኩ ነው። የእህቴ ልጅ ስድስት ቦታ ሲወጋ አጠገቡ ቆሜ ስለነበር ነው።

መጨረሻ ላይ ሐይቁ። ከአሞራ ገደል ዓሣ የምታመጡ ወንድሞች እዚህ ስላላችሁ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ውሃው ስንት ሜትር ድረስ እንደሚያሳይ በየወቅቱ ይለያያል። ላንጋኖ ቡናማ የሆነው የማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር ስለተንሳፈፈበት ነው፣ ብርሃኑ ገና ከላይ ተበትኖ ይመለሳል። የእኛ ሐይቅ እንደዚያ አይደለም፣ ግን ጥቁር ውሃ ወንዝ ያስገባበታል፣ ዝናብ ከዳገቱ አፈር ያጥብበታል፣ ከላይ የሚታይ መውጫ ደግሞ የለውም፣ የገባው እዚያው ነው። ብርሃኑ ታች ካልደረሰ ሣሩ አይበቅልም፣ ቆሮሶ የምንለው ዓሣም የሚበላው አያገኝም። ይሄን ለመለካት ማሽን አያስፈልግም፣ ጣሊያናዊው ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ አንጄሎ ሴኪ 1865 ላይ በሜዲትራኒያን ያደረገውን ማድረግ ነው፣ ሳህን በገመድ አስሮ ማውረድና የት ላይ እንደጠፋ ማየት።

20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን አለኝ፣ ሩቡን ጥቁር ሩቡን ነጭ እያደረግኩ ቀብቼዋለሁ፣ ገመዱን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጥሬዋለሁ፣ ከታች ድንጋይ አስሬበታለሁ እንዳይንሳፈፍ። ነገ እሑድ 5 ሰዓት ላይ እንወጣለን፣ ፀሐይ ከፍ ማለት አለባት፣ ቅዳሴ የምትሄዱ ጨርሳችሁ ትደርሳላችሁ። ጀልባው የሚይዘው ስምንት ሰው ነው፣ በሁለት ዙር እንሄዳለን። በጀልባው ጥላ በኩል ነው የምናወርደው፣ አንዱ ይቆጥራል አንዱ ይጽፋል፣ ሲጠፋ ቁጥሩን፣ ስንጎትተው ተመልሶ ሲታይ ሌላ ቁጥር፣ ከዚያ መሀሉን እንወስዳለን። ከወር በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ደግመን እንለካለን። ስም የምታስመዘግቡ በሩ ጋ ደብተር አለ፣ ልጆች የምታመጡ ላይፍ ጃኬት ስንት እንደሚያስፈልግ አብራችሁ ጻፉልኝ።